ለሌላው «አብሽር»፣ ለራስ ስድብ

ከሽንፈት በኋላ ስፖርተኛው ለራሱ የሚናገረው ቃል የነገውንም ውድድር ይወስናል

ወሎ ውስጥ ያዘነ ሰው ብቻውን አይተውም። ልጅ የታመመበት፣ በሬው ገደል የገባበት፣ ፈተና የወደቀ፣ ገበያ ወጥቶ ከስሮ የተመለሰ ሁሉ ከጎረቤቱ አንዲት ቃል ይሰማል። «አብሽር!» ሴት ከሆነች «አብሽሪ»፣ ብዙ ሰዎች ወይም በዕድሜ የገፉ ከሆኑ ደግሞ «አብሽሩ»። ከዐረብኛ የመጣችውና በመሠረቷ «ደስ ይበልህ» የምትለው ይህች ቃል በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ናት። «አይዞህ» ከማለትም ትንሽ ትሰፋለች። ያልፋል፣ ደግ ነገር ይመጣል የሚል ተስፋ አላት።

ቃሏ ከኳስ ሜዳም አትጠፋም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ሐይቅ ከተማ፣ ከዚያም አልፎ በወልዲያ መንገድ ላይ ባለችው ውጫሌ፣ ፍፁም ቅጣት ምት የሳተ ልጅ ጓደኞቹ ጀርባውን መታ መታ አድርገው «አብሽር» ይሉታል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ ማታም ጋደም ሲል ሌላ ድምፅ ይጀምራል። «አንተ ድሮም አትረባም። ቡድኑን ገደልከው። ማን ምታ አለህ? ዳግመኛ ሜዳ ባትረግጥ ይሻልሃል።» ይህን የሚናገረው አሰልጣኙ አይደለም፤ ተመልካቹም አይደለም። ራሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ይኸው ልጅ ፍፁም ቅጣት ምቱን የሳተው ጓደኛው ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ ቃላት አንዱንም ከአፉ አያወጣም ነበር። ሮጦ አቅፎ «አብሽር፣ ነገ ታገባለህ» የሚለው እሱ ነው። ለሌላው የተረፈው ደግ ቃል ለራሱ ሲሆን ያጥርበታል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። በስፖርት ግን የመጀመሪያውን ምሳር የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ራሱ የወደቀው ነው።

የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን አፍራሽ የራስ ንግግር ይሉታል። መድኃኒቱን ደግሞ ለራስ መራራት ብለው ይጠሩታል። ስሙ ለስላሳ ስለሆነ ብዙ አሰልጣኝ ሲሰማው ፊቱን ያጨማድዳል። ጉዳዩ ግን የሜዳሊያና የሰዓት ጉዳይ ጭምር ነው። በአገራችን ስፖርት ያለፉትን ዓመታት ዞር ብሎ ያየ ሰው ይህን የሚያሳዩ ታሪኮች አያጣም።

ኃይሌ በኒውዮርክ

እ.ኤ.አ ኅዳር 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ የኒውዮርክ ማራቶንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጥ በወቅቱ የማራቶን ክብረ ወሰን ባለቤት ነበር። በ2008 በርሊን ላይ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ03 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገና አልተሰበረም። በኒውዮርክ ግን ጉልበቱን አሞት ውድድሩን ከ25 ኪሎ ሜትር በኋላ አቋረጠ። በዚያው ዕለት ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ እያለቀሰ ሩጫ በቃኝ አለ። ዓለም ደነገጠ። ከ20 ዓመት በላይ የተገነባ የሩጫ ሕይወት በአንድ የከፋ ቀን ቁጭት ሊዘጋ ነበር።

ጥቂት ቀናት አለፉ። እልሁም ቁጭቱም በረደ። ኃይሌ ውሳኔውን ለወጠና ወደ ልምምድ ተመለሰ። በሚያዝያ 2011 ቪየና ላይ ግማሽ ማራቶን፣ በግንቦት ደግሞ ማንቸስተር ላይ 10 ኪሎ ሜትር አሸነፈ። ከውድድር በይፋ የተሰናበተው በግንቦት 2015 በዚያው በማንቸስተር ነው። ያን ዕለት አንደኛ አልወጣም፤ ግን እጁን እያውለበለበ፣ ፈገግ ብሎ ነበር የጨረሰው።

ሁለቱ ስንብቶች የአንድ ሰው ናቸው። በመካከላቸው 4 ዓመት ተኩል አለ። የመጀመሪያው በሽንፈት ሰዓት የተነገረ ነው። ሁለተኛው ረጋ ብሎ የታሰበ ነው። ኃይሌ በውስጡ ለራሱ ምን እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከውጭ የሚታየው ትምህርት ግን ግልፅ ነው። ስፖርተኛ በተሸነፈበት ሰዓት ስለ ራሱ የሚሰጠው ፍርድ ይግባኝ ሊባልበት ይገባል። ኃይሌ ይግባኝ ብሎ 4 ዓመት ተኩል አተረፈ። ስሙን ማንም የማያውቀው ጀማሪ ሯጭ ግን «በቃኝ» ሲል የሚያለቅስለት ጋዜጠኛ፣ ተመለስ የሚለውም ሕዝብ የለውም። ጫማውን ሰቅሎ ይቀራል።

ቀነኒሳ፣ መሠረትና ለተሰንበት

የቀነኒሳ በቀለ ታሪክ ከዚህም ይከብዳል። በጥር ወር 2005 መጀመሪያ እጮኛው ዓለም አብራው ልምምድ ስትሠራ ወድቃ አረፈች። የ18 ዓመት ወጣት ነበረች። ወሩ ሳያልቅ ቀነኒሳ ቦስተን ላይ በቤት ውስጥ 3 ሺህ ሜትር ተሰለፈ። እዚያም ዙር አቆጣጠር ተሳስቶ ያለ ጊዜው አፈተለከና በአየርላንዱ አሊስተር ክራግ ተቀደመ። ሐዘን ላይ ሽንፈት ሲጨመር ራስን መውቀስ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። በመጋቢት ግን ፈረንሳይ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ። በነሐሴ ሄልሲንኪ ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደ። በዚያው ወር ማብቂያ ብራሰልስ ላይ 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ የራሱን ክብረ ወሰን አሻሻለ። ያ ሰዓት እስከ 2020 ድረስ የደፈረው አልነበረም።

በ2007 ሞምባሳ ላይ ደግሞ በዚያ ሙቀት አቅቶት አገር አቋራጩን አቋርጦ ወጣ። በዓመቱ 2008 ኤድንብራ ላይ ሩጫው ገና ሲጀመር ጫማው ተረግጦ ወለቀ። ቆም አለ፣ ጫማውን አደረገ፣ ከኋላ ተነስቶ ሁሉንም አንድ በአንድ አልፎ 6ኛውን የረጅም ርቀት ዋንጫ አነሳ። «ዘንድሮም አለቀልኝ» ብሎ ቢሆን ኖሮ እዚያው በቀረ ነበር።

መሠረት ደፋርን የተመለከተም ይህንኑ ያያል። በነሐሴ 2009 በርሊን ላይ በ10 ሺህ ሜትር የመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ እየመራች ነበር። ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩ ጉልበቷ ከዳትና ከወርቅ ወደ 5ኛ ወረደች። በሳምንቱ በ5 ሺህ ሜትር ተሰልፋ ነሐስ አገኘች። በ2011 ዴጉ ላይ 10 ሺህውን አቋርጣ ወጣች፤ በ5 ሺህ ተመልሳ ሌላ ነሐስ ወሰደች። ብዙዎች ዘመኗ አለፈ ባሉበት በ2012 ለንደን ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ለሁለተኛ ጊዜ አጠለቀች። ከመስመሩ በኋላ የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ አውጥታ ስታለቅስ ያየ ሁሉ አይረሳትም። በበርሊኑና በለንደኑ መካከል ያሉት 3 ዓመታት የተሞሉት ለራስ በሚነገር ቃል ነው። ያ ቃል «ጨርሻለሁ» ቢሆን ኖሮ የለንደኑ ዕንባ ባልመጣ ነበር።

ቅርብ ጊዜ ደግሞ ለተሰንበት ግደይ አለች። በየካቲት 2023 አውስትራሊያ ባትኸርስት ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ስትመራ ቆይታ መጨረሻው መስመር እየታያት ወደቀች። ሰው ደግፎ ስላነሳትም ከውድድሩ ተሰረዘች። ስድስት ወር ቆይታ ቡዳፔስት ላይ በ10 ሺህ ሜትር የብር ሜዳሊያ አገኘች፤ ጉዳፍ ጸጋይ ወርቁን፣ እጅጋየሁ ታዬ ነሐሱን ወስደው ሦስቱም ደረጃ የኢትዮጵያ ሆነ።

እነዚህ ሁሉ በተፈጥሮ የታደሉ፣ በልምምድ የተፈተኑ ናቸው። ሆኖም አንዳቸውም ከመውደቅ አላመለጡም። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር «እነሱ ጀግኖች ናቸው» የሚለው አይደለም። መውደቅ የሩጫው አካል ነው የሚለው ነው። በሐይቅ ዳር በማለዳ የሚሮጠው ልጅ ሲሸነፍ የሚሰማው ነገር ኃይሌም ቀነኒሳም የተሰማቸው ነው። በዚህ ስሜት ብቻውን አይደለም።

ስድቡ እግር ላይ ሲደርስ

ራስን መስደብ ስሜትን ብቻ ይጎዳል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። እግር ላይም ይደርሳል። አንድ ተከላካይ ኳስ አምልጦት ግብ ሲቆጠር «እኔ ደደብ ነኝ» ማለት ከጀመረ፣ ቀጣዩ ኳስ ሲመጣ ሐሳቡ ያለፈው ላይ ነው። ትከሻው ይወጠራል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ አንድ እርምጃ ይዘገያል። ሁለተኛ ስህተት ይሠራል። ስድቡም «አላልኩም?» ብሎ ይበረታል።

ከዚያ መደበቅ ይመጣል። ይህን የኳስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስህተት የፈራ ተጫዋች ኳስ ከማይመጣበት ጥግ ይቆማል። እጁን አንስቶ «ስጠኝ» አይልም። ቢያገኝም ወደኋላ ይመልሳታል። ከሜዳ ውጭ ሲታይ ስህተት ያልሠራ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ጨዋታውን ከተወ ቆይቷል። ሯጭም እንደዚሁ ነው። ፍጥነት ሲጨመር «እኔ ከእነዚህ ጋር ምን አገናኘኝ» ያለ ሯጭ እግሩ ሳይደክም ራሱ ይቀራል።

የመጨረሻው መቅረት ነው። መጀመሪያ አንድ ቀን ልምምድ ይቀራል፣ ከዚያ ሳምንት፣ ከዚያ ጭራሹን።

ተቃራኒውን ለማየት ወደ ጥር 21 ቀን 2013 ደቡብ አፍሪካ መመለስ ነው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር አደረገች። ሳላዲን ሰኢድ የመታውን ፍፁም ቅጣት ምት ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዊኔ አዳነበት። ብዙም ሳይቆይ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዕረፍት ሳይወጡም ግብ ተቆጠረ። ለማንኛውም ቡድን ይህ የማብቂያ ምልክት ነው። ዋልያዎቹ ግን በ10 ሰው ከዕረፍት ተመልሰው በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጡ። የሳቱትን ሲቆጥሩ ቢውሉ ኖሮ የአዳነን ኳስ ማን ያቀብለው ነበር?

ከውጭም የጣሊያኑ ሮቤርቶ ባጂዮ ሁሌም ይነሳል። በ1994 የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ከብራዚል ጋር የመታት ኳስ ከአግዳሚው በላይ ሄደች። ከ4 ዓመት በኋላ በ1998 ፈረንሳይ ላይ ጣሊያን ከቺሊ ጋር ስትጫወት ፍፁም ቅጣት ምት ተገኘ። ባጂዮ ኳሷን አስቀምጦ መታ፣ አገባ፣ ጨዋታውም 2 ለ 2 አለቀ። ባጂዮ አልተደበቀም።

«ርኅራኄ ያሰንፋል» የሚሉ

ይህ ሲነሳ ብዙ አሰልጣኞች የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው። «ራሱን የማይቆጣ ስፖርተኛ ይሰንፋል፤ የኢትዮጵያ ሩጫ በእልህና በቁጣ ነው እዚህ የደረሰው» ይላሉ። ለምሳሌም በጥብቅ ዲሲፕሊናቸው የሚታወቁትን ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን ይጠቅሳሉ።

ነገር ግን ጥብቅነትና ስድብ ለየቅል ናቸው። «ሰዓት አክብር፣ ዙሩን ጨርስ፣ ክርንህን አስተካክል» ማለት ጥብቅነት ነው። «አትረባም» ማለት ስድብ ነው። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። «ግራ እግሬን ዘግይቼ አስቀመጥኩ» ያለ ተጫዋች ነገ ጠዋት የሚያርመው ነገር አለው። «እኔ አልረባም» ያለ ግን ምን ያርማል? አለመርባት ልምምድ የለውም።

ጥናቶችም ይህንኑ ይደግፋሉ። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ በ2003 ለራስ መራራትን በሦስት ነገሮች አስረድታዋለች። አንደኛው በውድቀት ጊዜ ለራስ ደግ መሆን ነው። ሁለተኛው ስህተት የሰው ሁሉ ዕጣ መሆኑን ማወቅ ነው። ሦስተኛው የተሰማውን ሕመም ሳይደብቁም ሳያጋንኑም በልኩ ማየት ነው። በ2012 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የወጣ ጥናት ከባድ ፈተና የወደቁ ተማሪዎችን ተመለከተ። ለራሳቸው እንዲራሩ የተመከሩት ለሚቀጥለው ፈተና ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ወስደው አጠኑ። ሰነፉ ይባላሉ ሲባል በረቱ ማለት ነው።

በ2013 በካናዳ ራሳቸውን አጥብቀው በሚተቹ ሴት ስፖርተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ አለ። ስፖርተኞቹ ስለገጠማቸው መጥፎ አጋጣሚ ለራሳቸው በርኅራኄ እንዲጽፉ ተደረገ። ለጥቂት ቀናት የጻፉት ራሳቸውን መተቸታቸውም ስህተታቸውን ማብሰልሰላቸውም ቀነሰ። በ2014 በ24 ሰዎች ላይ በታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ በብስክሌት እስኪደክማቸው የሚጋልቡ ሰዎች ለራሳቸው የሚነግሩትን አበረታች ቃል መርጠው ለሁለት ሳምንት ተለማመዱ። ከበፊቱ 18 በመቶ ያህል ረዘም ላለ ጊዜ ጋለቡ። ሳንባቸውም ጡንቻቸውም ያው ነው። የተለወጠው የሚናገሩት ነው።

ነገሩ ለወሎ ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ባስተማሩበት ስፍራ፣ ንስሐ ማለት ጥፋትን አምኖ መነሳት እንጂ ራስን ሲረግሙ መኖር አይደለም። በሙስሊሙም ዘንድ ከአላህ እዝነት ተስፋ መቁረጥ የተከለከለ ነው። ሽማግሌውም ሼሁም ቄሱም ለወደቀ ሰው የሚሰጡት ምክር አንድ ነው። ያጠፋኸውን እወቅ፣ ተነስ፣ ቀጥል።

የማያጠፉትን ጥፋት መሸከም

ከሁሉ የሚከፋው ስፖርተኛው ያላጠፋውንም በራሱ ላይ ሲጭን ነው። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ጦርነቱ በደሴ፣ በሐይቅና በውጫሌ ሲያልፍ ትምህርትም ስፖርትም ተቋርጦ ነበር። ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። በዚያ ዕድሜ ላይ አንድ የልምምድ ዓመት ማጣት ቀላል አይደለም። በዚያ ጊዜ የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ የነበረ ሯጭ ዛሬ ከሌላ ቦታ እኩዮቹ ጋር ሲሰለፍ ሰዓቱ ወደኋላ ቢቀር «እኔ ድሮም ሰነፍ ነኝ» ይላል። ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም። ሜዳ ያልነበረበትን፣ ጫማ ያልነበረበትን፣ ሰላም ያልነበረበትን ጊዜ ሁሉ የራስ ድክመት አድርጎ መቁጠር ትክክለኛ ሒሳብ አይደለም። ስንፍናና ዕድል ማጣት ተለይተው ካልተጻፉ መፍትሔውም ይጠፋል።

ክራሩን መቃኘት

አምባሰል ለአገሩ ሙዚቃ የሰጠው ቅኝት ከአራቱ የኢትዮጵያ ቅኝቶች አንዱ ነው። በማሪቱ ለገሰ ድምፅ የሰማው ሁሉ ያውቀዋል። ክራር የሚጫወት ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል። ክሩ ሲረግብ ድምፁ ይበላሻል፤ ነገር ግን ክራሩ አይሰበርም፣ ይቃኛል። የውስጥ ንግግርም እንደዚሁ ነው። ዝም በል ቢሉት አይሰማም። የሚሻለው መቃኘት ነው። ባለሙያዎች የሚመክሩት ወጪ የማይጠይቅ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ የሚበቃው ዘዴ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን መያዝ ነው። ከውድድር በኋላ ስፖርተኛው ለራሱ ያለውን ቃል በቃል ይጽፈዋል። ብዙ ሰው ራሱን እንደሚሰድብ የሚያውቀው ወረቀት ላይ ሲያየው ነው።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። «ይህን ለቡድን ጓደኛዬ እለው ነበር?» መልሱ «አልለውም» ከሆነ፣ ለጓደኛው የሚለውን በሥሩ ይጽፋል። ያን የጻፈውን ለራሱ ያነበዋል። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፤ ይለመዳል።

ሦስተኛ ስድቡን በሥራ ትእዛዝ መለወጥ ነው። «ደከመኝ፣ አልችልም» በሚለው ቦታ «ትከሻ ላላ፣ እጅ ወደፊት» ይገባል። «እንዳትስት» ከማለት «ጥጉን እይ፣ ምታ» ማለት ይሻላል። ቃሉ አጭር፣ እግር የሚታዘዘው ዓይነት መሆን አለበት። በልምምድ ጊዜ ካልተለማመዱት በውድድር ቀን አይመጣም።

አራተኛ ራስን በስም መጥራት ነው። በ2014 የታተመ የአሜሪካኖች ጥናት ሰዎች በጭንቀት ሰዓት «እኔ» እያሉ ሳይሆን በስማቸው ወይም «አንተ» እያሉ ለራሳቸው ሲናገሩ እንደሚረጋጉ አሳይቷል። ሰው በስሙ ሲጠራ እንደ ወንድም ይመከራልና። «አብሽር፣ እገሌ፣ ገና ሁለት ዙር አለ» ብሎ ለራሱ የሚል ሯጭ እብድ አይደለም።

አምስተኛ ለቁጭት ሰዓት መስጠት ነው። የተሸነፈ ሰው አይቆጭ ማለት አይቻልም። ይቆጭ፣ ያልቅስም። ነገር ግን በማግስቱ ከአሰልጣኙ ጋር ተቀምጦ ምን ሆነ፣ ምን ይታረማል የሚለውን ከለየ በኋላ መዝገቡ ይዘጋል። ስለ ስፖርት ሕይወት የሚደረግ ትልቅ ውሳኔም በሽንፈቱ ሳምንት አይደረግም።

የአሰልጣኝና የወላጅ ድርሻ

የልጅ የውስጥ ድምፅ ከየትም አልመጣም። ከዳር ሆኖ የሚጮህ አሰልጣኝ፣ «ከእገሌ ልጅ አንሰህ» የሚል አባት፣ ተቀያሪ ሲወጣ የሚያፏጭ ተመልካች፣ እነዚህ ሁሉ ቃል ያቀብሉታል። ልጁ ያን ቃል ይዞ ቤቱ ይገባል። ከዓመት በኋላ አሰልጣኙ ቢለወጥም ድምፁ ይቀራል። ስለዚህ ከጨዋታ በኋላ የመጀመሪያው ቃል ምን ይሁን የሚለው ለአሰልጣኝ እንደ አሰላለፍ ሊታሰብበት ይገባል። ስህተቱን መንገር ግድ ነው፤ በሰው ፊት ማዋረድ ግን ግድ አይደለም።

ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ መስመሩን አልፋ የደቡብ አፍሪካዋን ኤላና ማየርን ጠበቀቻት። ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ዓለም እስከ ዛሬ ያወራዋል። ለተቀናቃኝ እንዲህ የሚራራ ሕዝብ ለራሱ መራራት ሊያቅተው አይገባም።

አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ። ልጁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከዘጋው፣ ከሰው ከራቀ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ ጉዳዩ ከስፖርት አልፏል። «አብሽር» ብቻ አይበቃውም። ብቻውን ሳይተዉት ወደ ቅርብ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ለዚሁ የቆመ ነው። ጉልበት ሲያብጥ ሐኪም ጋ የሚሄድ ስፖርተኛ ልቡ ሲታመም የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

ለቀረው ግን ልምምዱ ከዛሬ ይጀመራል። ሜዳ፣ ጫማና ማሊያ እስኪሟላ መጠበቅ አያስፈልገውም። ቅዳሜ ፍፁም ቅጣት ምት የሳተ ልጅ ሰኞ ልምምድ ላይ ከተገኘና ኳሷን ለመምታት እጁን ካነሳ፣ ትልቁ ሥራ ተሠርቷል። የቀረው የአሰልጣኙ ነው።